ያልጠጣችው ጀልባ

ስሟን ልተወው፤ ብጠራትም ዛሬ የሚያውቃት ጥቂት ነው። በቀይ ባሕር ዳር ያለች አሮጌ ከተማ ናት። ቤቶቿ ከባሕር በተቆረጠ ድንጋይ የታነጹ፣ መስጊዷ በኖራ የነጣ፣ የጉድጓድ ውኃዋ ጨው ጨው የሚል። ሰዎቿ እንግዳ ሲመጣባቸው «ውኃችንን እለፉልን፣ ዓሣችንን ቅመሱልን» ይሉ ነበር። ኑሯቸው ሁሉ በባለ ሸራ ጀልባ ላይ ነው። ጀልባዋን ሳምቡክ ይሏታል፣ ይዟት የሚወጣውን አለቃ ደግሞ ናኹዳ ይሉታል። ሳምቡክ የሚሠራላቸው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሐጂ ሐመዲን።

ሐጂ ሐመዲን ሰባን የተሻገሩ፣ በመስጊድ ከመጀመሪያው የሰጋጆች ሰፍ የማይጠፉ፣ ቃላቸው የጠነከረ ሽማግሌ ነበሩ። በወደቡ ከታሰሩት ሳምቡኮች መካከል ሦስቱ የአባታቸው፣ የቀሩት ሁሉ የእሳቸው እጅ ሥራ ናቸው። በዚያ አገር ጀልባ ውኃ ስታስገባ «አለቀሰች» ይባላል። ከሐጂ ሐመዲን እጅ ወጥታ ያለቀሰች ጀልባ የለችም ሲባል፣ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ወደ መሬት ያደርጉ ነበር። ዓይናቸው መሬት ላይ ይሁን እንጂ ጆሯቸው ግን አልተደፋም፤ እናንተም እኔም ይህንን እናውቀዋለን።

ሥራው እንዲህ ነው። ሳንቃ ከሳንቃ ሲጋጠም መሃሉ ላይ ቀጭን ክፍተት መቅረቱ አይቀርም። ያንን ክፍተት በሻርክ ዘይት በተነከረ ጥጥ ይጠቀጥቁታል፣ ከላዩ ኖራና ሞራ ይለስኑበታል። ከዚያ ጀልባዋ ባሕር ሳትነካ በፊት መጠጣት አለባት። የሰፈሩ ሰው ወንድ ሴት ሳይል በባልዲና በእንስራ ከባሕር እየቀዳ፣ እዚያው አሸዋው ላይ እንደተደገፈች ሆዷን በውኃ ይሞላዋል። ጥጡ በደንብ ያልያዘበት ቦታ ካለ ውኃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፤ ሠሪው ቦታውን በከሰል ያሰምርና እንደገና ይጠቀጥቃል። ሳምቡክ መጀመሪያ በየብስ ትጠጣለች፣ ከዚያ በኋላ ትዋኛለች። ደንቡ ከአባት የወረደ ነው።

ታዲያ በዚያ ቀን ሕዝቡ ጀልባዋን ከብቦ ጠብታ ይፈልጋል። ጠብታ የተገኘ እንደሆነ ሕፃናት ይስቃሉ፣ ጎልማሶችም በጢማቸው ሥር ፈገግ ይላሉ፤ የሚፈተነው የሠሪውም ስም ነውና። ሐጂ ሐመዲን በዚያ ፈተና ወድቀው አያውቁም ነበር። ነገር ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይናቸው ደክሟል። ለማንም አልተናገሩም፣ ለባለቤታቸው እንኳ። «ጣቴ ያያል» ይሉ ነበር ለራሳቸው። ጣቱ ደግሞ ሃምሳ ዓመት መዶሻና ዘይት ያደነደነው ጣት ነው።

የናኹዳ ሻፊ አዲስ ሳምቡክ ያለቀችው በዚህ ጊዜ ነበር። ሻፊ ዝምተኛ፣ ሽማግሌ የሚያከብር፣ ነፋስ በማንበብ የተመሰከረለት ጎልማሳ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መጥቶ የሐጂን እጅ ሳመና «አባ፣ ለማጠጣቱ ሰው ልጥራ?» አላቸው።

ሐጂ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ልባቸው ውስጥ አንድ ፍርሃት ብልጭ አለ፤ ፍርሃቱን ግን በስሙ አልጠሩትም፤ ቁጣ አድርገው አወጡት።

«አባትህ በእኔ ጀልባ ሃያ ዓመት ባሕር ሲወጣ፣ አልቅሳበት ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያ ሰው ሰብስበህ የምትፈትነው እንጨቱን ነው ወይስ እኔን?»

ሻፊ አንገቱን ደፋ። «አውፍ ይበሉኝ አባ። የአንቱ እጅ ከነካት ምን ውኃ ያስፈልጋታል» አለ።

አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ማለት፣ ሁለት ቃል ነው። ሐጂ አላሉትም። መዶሻቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ዞሩ፤ ሻፊም ትንሽ ቆሞ ሄደ። ሳምቡኳ ሳትጠጣ ባሕር ገባች። ሕዝቡም ነገሩን ሲያየው «ከሐጂ እጅ ለወጣች ጀልባ ይህ ይገባታል» አለ እንጂ ማንም አልጠየቀም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማለዳ አዝየብ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ተነሳ። ሌሎቹ ናኹዳዎች ሰማዩን አይተው ቀሩ። ሻፊ ግን «እስከ ቀትር አይከፋም፣ መረባችን ከደሴቱ ወዲህ ነው» ብሎ ከሦስት ሰዎች ጋር ወጣ። ከባሕሩ ዳር ሆነው የሚያዩት ሰዎች ሸራውን በዓይናቸው ሸኙት። ደሴቱ አጠገብ ሲደርስ ሸራው ዘንበል አለ፣ ከዚያ ጠፋ። ነፋሱ እውነትም እስከ ቀትር አልከፋም ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ባሕሩ የሁለቱን ሬሳ መለሰ። ሻፊንና የሸኽ ዓሊኑርን አንድያ ልጅ ጀይላኒን አስቀረ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሐዘን የሚደገፍበት ይፈልጋል። «ሰው ሁሉ በቀረበት ቀን እሱን ምን አስወጣው?» መባል ጀመረ። ሸኽ ዓሊኑር በለቅሶው መሃል «ልጄን ነፋስ አልገደለውም፣ የሻፊ እልህ ነው የገደለው» አሉ። አባት ናቸውና ማን ይመልስላቸዋል።

በዚያች ከተማ ባሕሩ ሰው ከወሰደ በኋላ የሟቾቹ ስም ሳይጠራ ሸራ አይነሳም። በጁሙዓ ቀን ከሶላት በኋላ ሕዝቡ ባሕሩ ዳር ይሰበሰብና ቃዲው ከጥንት ጀምሮ ባሕር የወሰዳቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይጠራል፣ ፋቲሃ የሚባለውን የቁርኣን ምዕራፍ ይቀራላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያ ዓሣ ለአዲሶቹ ሟቾች ቤተሰብ ነው። በጥፋቱ ሰው ያስጨረሰ ናኹዳ ግን ስሙ አይጠራም፤ ቤቱም ከዚያ ዓሣ አይደርሰውም። ሬሳው ላልተገኘ ሰው ይህ የስም ጥሪ መቃብሩ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን የሳምቡኳ አንድ ጎንና የተሰበረ ምሰሶዋ አሸዋ ላይ ወጡ። ስብርባሪውን አይቶ ጥፋቱ የነፋስ ነው፣ የናኹዳው ነው፣ ወይስ የጀልባዋ ብሎ የሚፈርደው ጀልባ ሠሪው ነው፤ ይህም ደንብ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ከተማዋ አንድ ሠሪ ብቻ ትቀራለች ብለው አላሰቡም። ቃዲ ሲራጅ ሐጂን አስጠርተው «ምሰሶው መሰበሩን ሁላችንም አይተናል። ከሚገባው በላይ ሸራ ዘርግቷል የሚል ሰው በዝቷል። አንቱ ደግሞ አይተው ለጁሙዓ አንድ ቃል ይበሉን» አሏቸው።

ሐጂ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ብቻቸውን ወደ ስብርባሪው ሄዱ። ተንበርክከው በጣታቸው መጋጠሚያውን ዳሰሱ፤ ጣታቸው ምንም አላገኘም። እንደገና በጥፍራቸው እየጫሩ ሄዱ። ከታች፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሳንቃ መካከል፣ ጥፍራቸው ገባ። የቀረውን ጥጥ ጎትተው አወጡና ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። ከዚህና ከዚያ ያለው ጥጥ ዘይት የጠጣ፣ ቡናማ ነው። ይህ አንድ ስንዝር የሚሆነው ግን ነጭ ነበር። ዘይት አልነካውም። ሳይነክሩት ነው የጠቀጠቁት፤ አላዩትም። አሥር ቀን ባሕሩን ከውጭ የያዘው ልስኑ ብቻ ነበር፤ በአሥራ አንደኛው ለቀቀ። በየብስ ላይ አሥር እንስራ ውኃ ቢፈስባት ኖሮ ያ ስንዝር በሕዝብ ፊት ያለቅስ ነበር። ልጆች ይስቁ ነበር፣ እሳቸውም ያፍሩ ነበር፣ አራቱ ሰዎችም ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር።

እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ጥጡን በሽርጣቸው እጥፋት ውስጥ ሸጎጡት። ማንም አላያቸውም። ሻፊ እንዲያጠጧት መጠየቁን የሚያውቀው አላህና ሻፊ ነው፤ ሻፊ ደግሞ አይመለስም። ነፍሳቸው ምክንያት ታቀርብላቸው ጀመር። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው አለቻቸው። ብትናገር ከሞት ማን ይነሳል አለቻቸው። የከተማው ሰው በጀልባዎችህ ላይ እምነት ቢያጣ በምን ባሕር ይወጣል፣ ልጆቹስ ምን ይበላሉ አለቻቸው። ሸይጣን ሁልጊዜ ክፉ ቃል ይዞ አይመጣም፤ አንዳንዴ ለጀማዓው፣ ለሕዝቡ፣ አሳቢ ሆኖ ይመጣል። ሐጂ ሐመዲን በዚያ ቀን የዐስርን ሶላት ከሰው ጋር በጀማዓ አልሰገዱም። ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ሰገዱ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተዕዚያ ሊደርሱ፣ ሐዘንተኛ ሊያጽናኑ፣ ወደ ሻፊ ቤት ሄዱ። ሚስቱ ረውዳ ባል የሞተባት ሴት በምትቆየው ዒዳ ላይ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ነበር የምትናገረው። ሐጂ የሚባለውን አሉ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ አሉ። 

«አባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነበር» አለች ረውዳ።

ሐጂ ስለ ባሏ ስም መጠራት ልትጠይቀኝ ነው ብለው ተዘጋጁ። መልሱንም በልባቸው ይዘውት ነበር፤ ነገሩ የጀማዓው ነው፣ አላህ ያውቃል የሚል መልስ ነው።

«ሻፊን አውፍ ይበሉልኝ» አለች።

«ምን አድርጎኝ ልጄ?»

«ያን ቀን ከአንቱ ዘንድ ተመልሶ ምሳ አልበላም። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ ሽማግሌ አስቀየምኩ አለኝ። ጀልባዋን እናጠጣት ብያቸው ከፋቸው፣ የአባቴን ወዳጅ ተጠራጠርኩ አለኝ። ከአዲሷ ጀልባ መጀመሪያ የሚወጣውን ትልቁን ዓሣ ለሐጂ ቤት ወስጄ እጃቸውን እስማለሁ፣ ያኔ አውፍ ይሉኛል ብሎ በልቡ ነይቶ ነበር። አሥሩንም ቀን እዚህ ግባ የሚባል ዓሣ አልወጣለትም። በአሥራ አንደኛው ቀን የወጣው እሱን ብሎ ነው።»

የሐጂ እጅ ወደ ሽርጣቸው እጥፋት፣ ጥጡ ወዳለበት ሄደ።

«ስሙን ቢጠሩትም ባይጠሩትም የጀማዓው ፈንታ ነው» አለች ረውዳ፣ ድምፅዋ እየሳሳ። «የአንቱን ቅያሜ ይዞ አላህ ፊት እንዳይቆም ግን እፈራለሁ። መቃብር የለው ሄጄ አልነግረው። እዚህ ሆነው አውፍ ይበሉልኝ፣ እኔ ልስማ።»

ያን ጊዜ ሐጂ ሐመዲን አለቀሱ። ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ። «አውፍ ብዬዋለሁ» አሉ፤ ከዚያም «እኔን ማን ይበለኝ» አሉ። ረውዳ ሽማግሌ ሲያለቅስ የሚለው ነው ብላ «አላህ ነዋ አባ» አለቻቸው። ምን እንዳለቻቸው አላወቀችም ነበር።

ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሕዝቡ ባሕሩ ዳር ተሰበሰበ። ሳምቡኮቹ ሸራቸውን ጠቅልለው ቆመዋል። ቃዲ ሲራጅ ከፊት፣ ሸኽ ዓሊኑርና የሌሎቹ ሟቾች አባቶች በቀኝ በኩል። ሐጂ ክፍተቱ የተገኘባትን ሳንቃ ከስብርባሪው ነቅለው በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ሰዎች ሊያግዟቸው ተነሱ፤ እንቢ አሉ። ሳንቃዋን ቃዲው ፊት አስተኝተው ከሽርጣቸው ውስጥ ነጩን ጥጥ አወጡ።

«ይህ የእኔ ጥጥ ነው» አሉ። «ዘይት አልነካውም። ሻፊ ሳምቡኳን እናጠጣት ብሎኝ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ከደከመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ደብቄያችኋለሁ። ሻፊ በነፋሱ አልተሳሳተም። ነፋሱን ይችለው ነበር፤ ከሥሩ የከዳችው ጀልባዬ ናት።»

 የሸራ ገመድ ምሰሶ ሲመታ ይሰማ ነበር።

«ምሰሶውስ?» አሉ ቃዲው በዝግታ።

«ሆዷ ውኃ የሞላ ጀልባ ስትገለበጥ ምሰሶዋ ይሰበራል።»

ሸኽ ዓሊኑር ወደ ፊት ራመድ አሉ። ሳንቃዋን ሳይሆን ሐጂን ነበር የሚያዩት። «እንግዲያ ልጄ ላይ ውኃው ከእግሩ ሥር ነው የመጣበት?»

«ከእግሩ ሥር።»

 ሸኽ ዓሊኑር ፊታቸውን አዙረው ወደ ከተማው ሄዱ፤ ሕዝቡም መንገድ ለቀቀላቸው። በኋላ እንደተሰማው ቀጥ ብለው የሄዱት ወደ ረውዳ ደጃፍ ነው። ደጁ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ባልሽን በሐሰት አምቼዋለሁ፣ አውፍ በይኝ» አሉ።

ሐጂ መዶሻቸውን ከወገባቸው ፈትተው ቃዲው እግር ሥር አኖሩ። «ከዛሬ ወዲያ በዚህ መዶሻ ጥጥ አልመታም» አሉ። አንድ ሽማግሌ ናኹዳ ከኋላ «ታዲያ ጀልባ ማን ይሠራልናል ሐጂ?» ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው በቁጣ አልነበረም፣ ግራ ገብቶት ነው።  እዚያ የቀሩት የሟቾች አባቶች የደሙን ነገር ለአላህ ብለው ተዉ። ቃዲው ሁለት ወር ተከታታይ ጾም ፈረዱባቸው። ከዚያ ስም መጥራት ተጀመረ፤ የድሮዎቹ ተጠርተው ሲያልቁ ቃዲው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ናኹዳ ሻፊ» አሉ። ፋቲሃ ተቀራ። ሸራዎቹም ተነሱ።

በማግሥቱ ሐጂ የመጀመሪያ ቀን ጾማቸውን ጾመው ለማፍጠር የመግሪብን አዛን ሲጠባበቁ በራቸው ተንኳኳ። ሸኽ ዓሊኑር ነበሩ። በዘንባባ ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ዓሣ ታቅፈዋል።

«ረውዳ ናት የላከችኝ» አሉ። «ለቤቷ ከደረሳት ውስጥ ትልቁ ነው። የሻፊ አማና፣ አደራው ነው፣ ሳይደርስ እንዳይቀር አለችኝ።»

«ሁሉን ሰምታ?»

«ሁሉን ሰምታ።»

ሐጂ ዓሣውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ያዙት እንጂ የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው። አዛን ተባለ። ሸኽ ዓሊኑር ሊሄዱ ነበር፤ ሐጂ ግን «አብረን እናፍጥር» አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ገበታ ተቀመጡ፣ አንዱ ልጁን ያጣ፣ አንዱ ያሳጣው። ብዙ አልበሉም። ከቆይታ በኋላ ሸኽ ዓሊኑር ልባቸው ውስጥ የተቀመጠውን ጠየቁ።

«ሐመዲን፣ አንተ ጥንቁቅ ሰው ነህ። እንዴት ሆነ?»

ሐጂ እጃቸውን አዩት። «ጀልባ በውኃ ትፈተናለች፣ ሰው በምስጋና» አሉ። «እሷን ሳላጠጣት፣ እኔ ስጠጣ ኖርኩ።»

ወገኖቼ፣ ይህንን ቃል ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ስድብ የሚያፈርሰው ሰው ጥቂት ነው፤ ስድብ ሲመጣ እንጠነቀቃለን። ምስጋና ግን በወዳጅ እጅ ነው የሚመጣው፤ በሩን ከፍተን እናስገባዋለን። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው እያልን በግዴታ ሶላታችን ብቻ በቀን አሥራ ሰባት ጊዜ እንቀራለን፤ ከዚያ ከመስጊድ ስንወጣ ትንሿን ቆንጥረን ለራሳችን እናስቀራለን። ሐጂ ሐመዲን ያስቀሩት አንድ ስንዝር ነበር። ለማረም አልዘገዩም ብል እዋሻለሁ፤ ለአራት ሰዎች ዘግይተዋል። ለአንድ ሟች ስም ግን ደረሱለት፤ የከፈሉትም የራሳቸውን ስም ነው። ተውበት ገብቶ መጸጸት የሞተ ሰው አይመልስም፤ ሕያዋን በሞተው ላይ የጫኑትን ሐሰት ግን ሊያወርድ ይችላል።

መዶሻውን ያነሳ ሰው አልተገኘም። ሐጂ ለሚጠይቃቸው በቃል ያስተምሩ ነበር፤ እጅ የሚያውቀውን ግን አፍ አይጨርሰውም። ሳምቡኮቹ አንድ በአንድ አረጁ፣ የጎድን አጥንታቸው አሸዋ ላይ ቀረ። ሐጂ እስኪሞቱ ድረስ ጀልባ በተጠገነ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው ባልዲ ይዘው ይመጡ ነበር፣ በደከመ ዓይናቸው እየተደናቀፉ። ዛሬ የከተማዋ ዓሣ አጥማጆች የሚወጡት በሞተር ጀልባ ነው፤ መጋጠሚያም ጥጥም የለውም። ቢሆንም አዲስ ጀልባ ሲገዛ፣ ባሕር ሳይነካ በፊት፣ በዕድሜ የገፋው ሰው አንድ ባልዲ ውኃ ቀድቶ ሆዱ ውስጥ ያፈስስበታል። ወጣቶቹ ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ ዝም ብለው ጠብታ ይፈልጋሉ። አላህ ለሐጂ ሐመዲን ይዘንላቸው፣ ለሻፊም።